የተከፈተ ሞተር

ኅዳር 9

እትዬ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ዘገየህ ብለሽ እንዳትቆጪኝ፤ ከተመለስን ገና አራት ቀናችን ነው፣ ድንኳኖቹ እንኳ አልደረቁም። ጋራዡ ውስጥ ጣሪያው ላይ ሰቅያቸው ደንበኛ በገባ ቁጥር አንገቱ ላይ ጠብ ይሉበታል። ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴን ጉንፋን ይዟታል፣ ልጆቹ ግን ብርድ የሚባል ነገር አያውቁም።

የጠየቅሽኝን በየተራ ልመልስ። አዎ፣ ሰሜኑ ይበርዳል። ጠዋት ጠዋት የጀሪካኑን አፍ በመዶሻ እጀታ እየሰበርን ነው ፊታችንን የታጠብነው። አዎ፣ አባዬ የላክሽለትን ሹራብ ለብሶታል፣ ከላዩም የኔን የቆዳ ጃኬት ደርቦበታል። አዎ፣ ሞተሩን ራሱ ነው የነዳው። እኔ በሞተሬ ከፊት፣ አባዬ በሞተሩ መሃል፣ ባለቤቴ ልጆቹንና ድንኳኑን በመኪና ጭና ከኋላ። ቁርስ መብላቱን የረሳ ሰው፣ መሪውን ከያዘ በኋላ አንድ ማርሽ አልሳተም። ትልቋን ልጄን በእማዬ ስም እየጠራ ነው የዋለው። እሷም ለምዳዋለች፣ "አቤት" ትለዋለች።

ሦስቱንም የበዓል ቀን ሐይቁ ዳር አሳለፍን። ልጆቹን ጠጠሩ ላይ ሞተር ሳይክል ሲያስተምራቸው ዋለ። "ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን ያዝ፣ አንተ ደንቆሮ!" እያለ። ትንሹ ሁለት ጊዜ ወድቆ ሁለት ጊዜ ሳቀ። አባዬም አብሮት ሳቀ። እኛን እንዲህ እየሳቀ ያስተማረን አይመስለኝም፤ ለልጅ ልጅ ነው የቆጠበው። እኔና ባለቤቴ ከድንኳኑ አፍ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለን የቆርቆሮ ዓሣ በዳቦ እየበላን አየናቸው። ጥሩ ቀን ነበር። ጥሩ እንደነበር እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ልንነሳ ስንል፣ የአባዬ ሞተር ማሳል ጀመረ። ካርቡራተሩን ከፈትነው። ቤንዚኑን የምትመጥነው መርፌ የለችም። የዚያ ሞተር ፋብሪካ ከተዘጋ ሃያ ዓመቱ ነው፤ መለዋወጫው እንደ ልብ እንደማይገኝ ታውቂያለሽ። የጋራዡን ደንብም ታውቂዋለሽ። ሞተር የከፈተ ሰው ገጥሞ ሳይዘጋ ከአጠገቡ አይነሳም። "እናንተ ሂዱ፣ መርፌዋን ፈልገህ ይዘህልኝ ና፣ እኔ ሞተሬ ጋ ነኝ" አለኝ። ለመንኩት፣ እምቢ አለ። እዚያው አካባቢ ጥሩ ሰዎች ተቀብለውታል፤ ክፍል ሰጥተውታል፣ ሞተሩንም ከዝናብ አስጠልለውለታል። ዕቃዋ እንደተገኘች እሄዳለሁ።

አታስቢ።

ወንድምሽ


ኅዳር 18

አቡሽ፣

እንደምን ከረምክ? ሚስትህን ይማርልኝ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ድንኳኑ የት እንደተሰቀለ፣ በረዶው በምን እንደተሰበረ፣ ዓሣው በምን እንደተበላ ጽፈሃል። አባቴ የት እንደሚያድር አልጻፍክም።

በስልክ ብጠይቅህ ይቀለኝ ነበር። ግን ባለፈው ከተነጋገርነው በኋላ ከእንግዲህ በወረቀት ብቻ ብለናል፤ እኔም ወድጄዋለሁ፣ ወረቀት ጆሮዬ ላይ አይዘጋም። ስለዚህ ጻፍልኝ። "ጥሩ ሰዎች" እነማን ናቸው? ገበሬ ናቸው? እንግዳ ማረፊያ ነው? አባዬን በምን አወቁት? ራት የሚያቀርብለት ማነው? መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጠውስ?

እማዬን ቀብረን የተመለስን ቀን፣ በሩ ላይ ጫማችንን እያወለቅን የተባባልነውን ታስታውሳለህ። አባዬ ከቤቱ አይወጣም። ያልኩት እኔ ነኝ፣ አንተ ደግሞ "እሺ" ብለሃል። እኔ የምጠይቅህ ይኼን አንድ ነገር ነው፤ ወደ ቤቱ ይመለስ።

ለመርፌዋ አትጨነቅ። ረስተኸው ከሆነ፣ እህትህ መርከብ ጥገና ውስጥ ብረት የምትቀርጽ የቶርኖ ሠራተኛ ናት። አጠገቤ ያለው ቶርኖ ካንተ ጋራዥ ይረዝማል፣ ቁርጥራጭ ነሐስ ደግሞ እግር እስኪያደናቅፍ ነው። ልኳን ላክልኝ፤ ርዝመቷን፣ ውፍረቷን፣ ጫፏ ከየት ጀምሮ እንደሚቀጥን። አንድ ከሰዓት አይፈጅብኝም። ያስተማረኝ ራሱ ነው፤ የፀጉር ውፍረት ያህል ስህተት ባገኘ ቁጥር የሠራሁትን ወደ ቁርጥራጩ ሣጥን እየወረወረ፣ "ድገሚ" እያለ። በሳምንት ይደርስሃል፣ ገጥሞ ይዘጋል፣ ይዘኸው ትመጣለህ። ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው።

እህትህ


ኅዳር 27

እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? "ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው" የምትለዋን ወደድናት። ባለቤቴ ቆርጣ ፍሪጁ ላይ ለጥፋታለች። አባዬ እዚህ ቢኖር፣ ሱሪው ላይ ሸንቶ እኔ አይደለሁም ባለ ቁጥር ታነባት ነበር፤ አሁን እሱ ስለሌለ እንዲሁ ለጨዋታ ታነባታለች።

እሺ። ቦታው የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ከሐይቁ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ይሆናል። አሥራ አራት አልጋ፣ አንዲት ኃላፊ፣ ሁለት አስታማሚ፣ አንዲት ወጥ ቤት። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፣ መተላለፊያው ሳሙና ሳሙና ይሸታል። የአባዬ ክፍል መስኮት አለው፤ መስኮቱ ሞተሩ ወደቆመበት ዳስ ያያል፣ እሱን ለይቼ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ማሞቂያው ከጠዋት እስከ ምሳ ይሠራል። ብርድ ልብስ ሁለት ነው፤ ሦስተኛ እንዲሰጡት ነግሬያለሁ። መድኃኒቱን በሰዓቱ ይሰጡታል፣ ከኛ የተሻለ።

ከደብዳቤሽ በኋላ በፖስት ካርድ "አስቀድመህ ያሰብክበት ነው ወይ?" ብለሽ ለጠየቅሽኝ ደግሞ መልሱ አዎ ነው። የተመዘገበው ከበዓሉ ሁለት ወር በፊት ነው። አዎ፣ ባለቤቴ ታውቃለች። አይ፣ ልጆቹ አያውቁም።

አሁን አንቺ ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ምድጃ ለኩሶ ሦስት ጊዜ ከቤት ወጥቷል። ከማስመዝገቤ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የአንድ ደንበኛ ፍሬን ፈትቶ፣ ሳይገጥም፣ "ጨርሻለሁ፣ ሂድ" ብሎ ሸኝቶታል። አባዬ! ሰው ብሎን ባላላ ቁጥር በጥፊ የሚለን አባዬ። ሰውየው መታጠፊያው ላይ መቆም ሲያቅተው ግድግዳ አቆመው። ትከሻው ዛሬም አይነሳም። ጋራዥ ገብቶ ሲያየኝ በደህናው እጁ ሰላም ይለኛል፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አባዬን ከጋራዡ እንዳላስወጣው ቤቱና ጋራዡ አንድ ግቢ ነው። በር ብቆልፍበት መስኮት ይፈታል፤ መፍታት አልረሳም፣ መግጠም ነው የረሳው።

መርፌዋን በሚመለከት፣ ልክ መላክ አልችልም። የሌለ ዕቃ አይለካም።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አዲሱ ቤትሽ ሦስት ክፍል ነው ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። በሦስተኛው ክፍል ውስጥ ምን እንዳለ ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 6

አቡሽ፣

በሦስተኛው ክፍል ውስጥ አንድ ብስክሌትና የማልለብሳቸው ልብሶች አሉ። ጠየቅህ፣ መለስኩልህ። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም፣ እኔ በፈረቃ ነው የምሠራው። ከዚህ በላይ አንነጋገርበትም።

ወደ መኖሪያው ደወልኩ። ኃላፊዋ ትሁት ሴት ናት፤ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ "አይዞሽ" ትላለች። አባዬን እንዲያገናኙኝ ለምኜ ነበር፣ ስልክ ሲሰጡት እንደ መፍቻ ይዞ ያገላብጠዋል አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ዳሱ ሥር አሮጌ አንሶላ ያነጥፋል። ካርቡራተሩን ይፈታል፣ ዕቃዎቹን በተራ ይደረድራል፣ አንድ በአንድ ይወለውላል፣ ሲመሽ ሰብስቦ ያስገባል። በሰልፉ መሃል አንዲት ቦታ ክፍት ትቶ ነው የሚደረድረው። አንዷ አስታማሚ ሳታውቅ እዚያ ቦታ ላይ ማንኪያ ብታስቀምጥ ጮኸባት።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠፋ። ሐይቁ ዳር አገኙት፤ ድንኳናችሁ የነበረበት ቦታ ተንበርክኮ ሣሩን በጣቶቹ ሲያበጥር። ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነበር። ጫማው ውሃ ገብቶበት በእግሩ ላይ በረዶ ሆኗል። ሁለት የእግር ጣቶቹ ተቆርጠዋል።

ይህን አልጻፍክልኝም። ሐሙስ ዕለት ተነግሮሃል፣ ኃላፊዋ ራሷ ናት የነገረችህ። አንተ ያንኑ ሐሙስ የጻፍከው ስለ ብርድ ልብስ ነው።

አሁን እንደ ባለሙያ ልጠይቅህ። መርፌ የሌለው ካርቡራተር ያን ሁሉ መንገድ እስከ ሐይቁ አያደርስም፤ ልጆች ለማስተማርም ሁለት ቀን ሙሉ አይዞርም። መርፌዋ ደግሞ በክዳን ሥር ተዘግታ የምትቀመጥ ናት። መንገድ ላይ አትወድቅም። ሣር ውስጥም አትገባም፣ ሰው ካልከተታት።

መርፌዋ የት ናት?

እህትህ


ታኅሣሥ 15

እትዬ፣

ይቺውልሽ። ክብሪት ሣጥኑ ውስጥ ናት፣ በጥጥ ጠቅልያታለሁ። ስትከፍቺው እንዳትወጋሽ።

ሞተሩ አላሳለም። "ድምፁ ደስ አላለኝም" አልኩት፣ በቃ። እሱን ለማስከፈት ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? ተንበረከከ፣ ፈታ፣ ጨርቅ ላይ ደረደረ። እጁን ሊጠርግ ዘወር ሲል አነሳኋትና ኪሴ ከተትኳት። ከዚያ አብሬው ፈለግሁ። ልጆቹም ፈለጉ። ግማሽ ቀን ሣር አበጠርን። ትንሹ "ላገኘ ሰው ሽልማት አለ ወይ?" ብሎ ጠየቀ። አባዬ "አለ እንጂ፣ ሞተሩን አወርሰዋለሁ" አለው። ልጁ እስኪመሽ አልተነሳም። እስከ ዛሬ ድረስ መቼ ተመልሰን እንደምንፈልግ ይጠይቀኛል።

ሰው አባቱን እዚያ ሲያስገባ አይቻለሁ። ደጅ ላይ ይለቀሳል፣ የበር እጀታ ይያዛል፣ ሁለት ሰው ጣት ያላቅቃል። አባዬ ግን በራሱ እግር ገባ፣ ሞተሩን እየገፋ፣ ኃላፊዋን "ለጥቂት ቀን ነው የማስቸግርሽ እመቤቴ" እያላት። ቀኑን ሙሉ ያሰብኩት እንዳያለቅስ ነበር፤ አላለቀሰም። ጣቶቹን አላሰብኩም። ስለ ጣቶቹ ሐሙስ ነግራኛለች፣ አዎ። ብዕሩን ይዤ ተቀምጬ ነበር፣ ብርድ ልብሱ ቀለለኝ።

ይህን ከየት ተማርከው ትዪኝ ይሆናል። ከሱ ነው። እማዬ ሆስፒታል ተኝታ አንቺ ገና መንገድ ላይ ሳለሽ፣ "ሂድ ጥራልኝ" ብላ የላከችኝ እኔን ነው። ጋራዥ ደርሼ "አባዬ፣ ቶሎ ትፈልግሃለች" አልኩት። የሰው ሞተር ከፍቶ ነበር። ቀና አላለም። "ሞተሩን ገጥሜ ልጨርስ፣ እጄን ታጥቤ መምጣቴ ነው በላት" አለኝ። ሄጄ ነገርኳት። ሁለት ጊዜ "ጨረሰ?" ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቱንም ጊዜ "ሊጨርስ ነው" አልኳት። እጁን ታጥቦ ሲመጣ ፊቷ ተሸፍኗል። እጁ ግን ንጹሕ ነበር፣ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር።

ይህን ላንቺ ነግሬሽ አላውቅም። አሁንም እንድታዝኚልኝ አይደለም የነገርኩሽ።

መርፌዋ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ናት። ይዘሽለት ብትሄጂ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ሞተሩ ይነሳል፣ እሱም ተነስቶ ይከተልሻል። እኔ ቤት እንደማይመለስ ግን እወቂው፤ ክፍሉን ለትልቋ ሰጥቻታለሁ። አራተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃው ስንት እንደሆነ ያኔ አንቺ ትቆጥሪለታለሽ፣ በስምንት ጣቱ።

ወንድምሽ


ጥር 4

አቡሽ፣

እንደምን ከረምክ? ከመርፌዋ በኋላ ሁለት ደብዳቤ ጽፈህልኛል፣ አልመለስኩም። ይቅርታ። አይ፣ አልታመምኩም። አይ፣ ክብሪት ሣጥኑ መንገድ ላይ አልጠፋም። አይ፣ አልሄድኩም።

የሆነውን ልንገርህና እንጨርሰው። መርፌዋን ለካኋት፣ ሁለት ነጥብ አምስት ሚሊ ሜትር ናት። አሥራ ስድስት ቀን መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ ከመለኪያዬ ጎን ተቀመጠች። ሁለት ጊዜ ባቡር ጣቢያ ሄጃለሁ፤ በሁለተኛው ትኬት መቁረጫው መስኮት ጋ ደርሼ ሰውየው "ወዴት?" ሲለኝ ሰዓት ጠይቄው ተመለስኩ። የሦስተኛውን ክፍል ብስክሌት አውጥቼ መተላለፊያው ላይ አቁሜው ነበር። ልብሶቹንም በካርቶን አሰርኳቸው። አልጋ የሚገባበትን ቦታ በሜትር ለካሁ፣ ይገባል። ከዚያ ጠዋት ከአዳር ፈረቃ ተመልሼ እዚያ መተላለፊያ ላይ ቆምኩ። የማነሳውን፣ የማጥበውን፣ ምድጃ የምቆልፍበትን አሰብኩ። ብስክሌቱን መልሼ አስገባሁት።

ስለዚህ ሌላ መርፌ ሠራሁለት። ሁለት ነጥብ ሰባት አድርጌ። ተሳስቼ አይደለም። ቀዳዳው ውስጥ አትገባም። እሱ ይለካል፣ ይጽፍልኛል። እኔም ሌላ እሠራለሁ፣ እሷም ሌላ ነገር ይጎድላታል። የሚጠብቀው ፖስታ ስለሚኖር ወደ ሐይቁ አይሄድም። ኃላፊዋን አማክሬያታለሁ፣ "ብልህ ነሽ፣ አይዞሽ" ብላኛለች። አንተ ባዶ እጁን አስጠበቅከው። እኔ ቢያንስ የሚይዘው ነገር ሰጥቼዋለሁ።

እውነተኛዋ እኔ ጋ ትቆያለች። እንዳትጠይቀኝ።

የጻፍኩለትን ገልብጬ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ልትጠይቀው ስትሄድ የተለየ ወሬ እንዳታወራበት። በሩ ላይ ስላልነው ነገር ደግሞ ከእንግዲህ አታንሳብኝ፤ እኔም አላነሳብህም።

እህትህ


ጥር 4

አባዬ፣

እንዴት ነህልኝ? እግርህስ? ኃላፊዋ በደንብ ትራመዳለህ ስትለኝ ደስ አለኝ። ሹራቡን ከውስጥ ልበሰው፣ ከላይ አይደለም።

መርፌህን ራሴ ሠራኋት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ናት። ልኩን የሚነግረኝ ስላጣሁ በግምት ነው የሠራሁት፤ አቡሽ በጣቱ ይህን ታህላለች ብሎ እንዳሳየኝ። ካልገባች አትታገላት፣ ቀዳዳውን ትጎዳዋለህ። ለክተህ ላክልኝ፣ እደግማለሁ። እስክትገባ ድረስ እደግማለሁ። አንተስ ስንት ጊዜ አስደግመኸኝ የለ?

ሞተሩ የተዘጋ ቀን እኔው ራሴ መጥቼ እወስድሃለሁ።

ልጅህ


ጥር 21

ልጄ፣

መርፌዋ ደረሰችኝ። ወጥ ቤት ያለችው ሴትዮ መነጽሯን አውሳኝ ሦስት ጊዜ ለካኋት። ሁለት ነጥብ ሰባት ናት። ቀዳዳው የሚፈልገው ሁለት ነጥብ አምስት ነው።

ከላይ እስከ ታች፣ ዙሪያዋን ሁሉ ለካሁ። የትም ቦታ አትበልጥም፣ የትም ቦታ አትጎድልም። በግምት የተሠራ ሥራ እንዲህ አይሆንም። ሁለት ነጥብ ሰባት ይሁን ብለሽ ነው ሁለት ነጥብ ሰባት የሠራሽው። ጎበዝ። እጅሽ አልተበላሸም።

ሌላ እንዳትሠሪ። ነሐሱ ይባክናል።

ሞተሩን ያለ መርፌ ገጠምኩት። አይነሳም፣ ግን ተዘግቷል። ብሎኖቹን ሁሉ አጥብቄያለሁ፣ የተረፈኝ ዕቃ የለም። አንሶላውን አጥበው መልሰውታል። ያቺን ያንቺን መርፌ ለሴትዮዋ ሰጠኋት፣ ለምድጃዋ ቀዳዳ መጥረጊያ ትሆናታለች።

ወንድምሽን ሰላም በይልኝ። ልጁ ሣር ውስጥ እንዳይፈልግ ንገሩት፣ ይበርዳል።

እናትሽ ጋ ቀድመሽ ከደረስሽ፣ ሞተሩን ገጥሜ ጨርሻለሁ፣ እጄን ታጥቤ መምጣቴ ነው በያት።

አባትሽ